ማን ይጠግነዋል? ከጋፋት እቶን እስከ ጣና ዳር

ለጠቅላላ አድማጭ የተዘጋጀ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

ደብረ ታቦር ላይ ስለ ቴክኖሎጂ ወሬ ሲነሣ ጋፋት ሳይጠራ አይቀርም። ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ የሚገኘው ይህ ስፍራ ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበት ነው። አንዱ ተከራካሪ «እኛ እኮ ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት መድፍ ያፈሰስን ሰዎች ነን» ይላል። ሌላው «ታዲያ ዛሬ ምስማሩን ሁሉ ከውጭ የምንጠብቀው ለምንድን ነው?» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው ደግሞ ነገሩን ወደ ዛሬ ያመጣዋል፦ ስልኩ ልጆቹን አበላሸ ወይስ አነቃቸው፣ ትራክተር ለዚህ ተዳፋት ይሆናል አይሆንም፣ ባሕር ዛፍ ይጠቅማል ወይስ ምንጭ ያደርቃል። ክርክሩ ቡና ላይ ተጀምሮ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ይቀጥላል።

ክርክሩ መልካም ነው። የሚያሳዝነው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ላይ ብቻ መቆሙ ነው። ጋፋትን በኩራት የሚያነሣውም በቁጭት የሚያነሣውም ታሪኩን መድፉ በተሠራበት ቀን ያቆመዋል። ትልቁ ትምህርት ግን ያለው ከዚያ ቀን በፊትና ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ከጫኑ ጀምሮ የአውሮፓን የእጅ ጥበብ ወደ አገራቸው ለማምጣት ያልሞከሩት መንገድ አልነበረም። የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ከሚገኘው የቅድስት ክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት ባለሙያዎችን ሲልኩ፣ ንጉሡ በእንግዶቹ እጅ ሙያ እንጂ በስብከታቸው ብዙም አልተማረኩም። ቴዎፍሎስ ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን ጋፋት ላይ ሰፈሩ። ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም ከእነሱ ጋር ተደመሩ። እነዚህ ሰዎች ሠረገላ ማበጀት፣ መንገድ መጥረግ፣ መሣሪያ መጠገን ይችሉ ነበር፤ መድፍ ማፍሰስ ግን የሚያውቁት ሥራ አልነበረም፤ አናውቅም ብለውም ተናግረዋል። ንጉሡ ግፊታቸውን አላላሉም። እቶን ተገነባ፣ ከሸፈ፣ እንደገና ተገነባ። ከተደጋጋሚ ሙከራ በኋላ ቀልጦ የወረደው ማዕድን ቅርጽ ያዘ። ከሁሉም የገዘፈው መድፍ በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ በተከበበችው የጥቁር ባሕር ምሽግ ስም «ሴባስቶፖል» ተባለ። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነበር።

እዚህ ላይ አድማጭ ቆም ብሎ ሊያደንቅ ይገባል። የሠሩት ሰዎች ከመጽሐፍና ከሙከራ ሌላ አስተማሪ አልነበራቸውም። የሚያሠሩት ንጉሥም ነገሩ እንደማይቻል በተነገራቸው ቁጥር ተስፋ አልቆረጡም። የቴዎድሮስ ጉጉት ከልብ የመነጨ ነበር፤ በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉትና መልስ ያጡበት ደብዳቤም ከዚሁ ጉጉት የተለየ አልነበረም። በኋላ ፍላድ የተባለውን ሚሲዮናዊ ወደ እንግሊዝ አገር ልከው ባለሙያዎችና ማሽን እንዲመጡላቸው ጠይቀው ነበር። ባለሙያዎቹም ማሽኖቹም ምጽዋ ድረስ ደርሰዋል። ደብዳቤው መልስ በማጣቱ ተቆጥተው ንጉሡ ያሰሯቸው አውሮፓውያን ስላልተፈቱ ግን ወደ ደጋው ሳይወጡ ከምጽዋ ተመለሱ። የጋፋት ዕጣ የተወሰነው ምናልባት ያን ዕለት ነው። ዕውቀት ደጃፍ ድረስ መጥቶ በፖለቲካ ጠብ ምክንያት ሲመለስ ማየት ዛሬም ያንገበግባል።

መድፉ ተሠራ እንበል፤ እንዴት ይሄዳል? በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ገደማ፣ ግዛታቸው በዐመፅ ጠቦ ጠቦ ባለቀበት ወቅት፣ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ አምባ ተነሡ። ይህን እውነት የደብረ ታቦር ልጅ ሊያልፈው አይችልም፤ መድፍ የሠራች ከተማ መድፉ ሲወጣ በእሳት ነደደች። ሴባስቶፖል በሠረገላ ላይ ተጭኖ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር እየጎተቱት በጋይንት አድርጎ፣ ቤተ ሖርን ረግጦ፣ ዋድላን አቋርጦ፣ የዥጣን ገደል ወርዶና ወጥቶ፣ ደላንታን አልፎ፣ በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ ሥር የደረሰው በመጋቢት ወር ነበር፤ ስድስት ወር ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው። መንገድ ስላልነበረ መንገዱ ከመድፉ ፊት ፊት ይሠራ ነበር። ድንጋይ ይፈለጣል፣ ገደል ይናዳል፣ ሠረገላው ጥቂት ይራመዳል። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ይሸከሙ እንደነበር በዘመኑ የነበሩ ሰዎች መስክረዋል።

ያ መንገድ ከመድፉ ይልቅ አገልግሏል፤ ያገለገለው ግን ጠላትን ነው። እስረኞቹን ለማስፈታት ከዙላ የባሕር ዳርቻ የተነሣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ዥጣንና በሽሎን የተሻገረው ቴዎድሮስ ባስጠረጉት መንገድ ነበር።

የእንግሊዝ ጦር 13,000 ያህል ወታደር ይዞ መጣ። ከኋላው ያስከተለውን ለተመለከተ ግን የጦርነቱ ውጤት ጥይት ከመተኮሱ በፊት የታወቀ ነበር ማለት ይቻላል። ዙላ ላይ የመርከብ ማራገፊያ ሠራ፤ የባሕር ውኃ እያጣራ ጠጣ፤ ከባሕሩ ዳር ወደ ተራራው ሥር የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፤ የቴሌግራፍ ሽቦ ሳበ፤ ከህንድ 44 ዝሆኖች አምጥቶ ከባድ መድፎቹን አሸከማቸው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዕለተ ስቅለት፣ አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ ውጊያው ሲጀመር ከቴዎድሮስ ትልልቅ መድፎች አንዱ ባሩድ ተጨናንቆበት ፈነዳ። ከኢትዮጵያውያኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወደቁ፤ ከእንግሊዝ በኩል በቁስሉ የሞተው ሁለት ሰው ነው። ከሦስት ቀን በኋላ፣ በፋሲካ ማግስት፣ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው አለፉ። የጋፋት ባለሙያዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጥተው ሄዱ፤ ሴባስቶፖል እዚያው መቅደላ ቀረ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሚታየው አምሳያው ነው።

እንግዲህ የጋፋት ጥያቄ ይህ ነው፦ ባለሙያዎቹ ሲሄዱ እቶኑ ለምን ጠፋ?

ምክንያቱ ብዙ ነው። ጦርነቱ፣ የንጉሡ ሞት፣ ከዚያ በኋላ የመጣው የሥልጣን ሽኩቻ ሁሉም ድርሻ አለው። ከሁሉ ያነሰ የሚወራው ግን ከሁሉ ቅርብ የሆነው ነው። እቶኑ ጋፋት ላይ ሲነድ በዙሪያው ባሉ መንደሮች ብረት የሚቀጠቅጡ ሰዎች ነበሩ። የዚያው የፋርጣ አካባቢ ገበሬ መሬት የሚሰነጥቅበትን ማረሻ፣ እህል የሚያጭድበትን ማጭድ፣ እንጨት የሚፈልጥበትን መጥረቢያ የሚያገኘው ከእነሱ ነበር። በጎንደር ምድር ከእነዚህ ባለሙያዎች ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች። ርስት መያዝ ስለተከለከሉ እንጀራቸው በእጃቸው ላይ ብቻ ወደቀ። ይህም አልበቃ ብሎ «ቡዳ» ተባሉ፤ በዐይናቸው ይበላሉ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተባለ። ባለአገሩ በእነሱ ማረሻ ያረሰውን እህል እየበላ እነሱን ከማዕዱ አራቀ።

ይህ የጥቂት ክፉ ሰዎች ሐሳብ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ነገር ግን በዘመኑ ማንም ሊጠይቀው የማያስፈልግ፣ ሕፃን ሳይቀር «የሚያውቀው» ነገር ነበር። አዋቂው፣ ደግ የተባለው፣ ጾም የማይገድፈው ሰው ያምንበት ነበር። ስለዚህ «ጤነኛ ጭንቅላት ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል» የሚለው ንግግር ክርክርን ሊዘጋ አይገባውም። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ለብዙ መቶ ዓመት ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ይህችም አገር ዋጋውን ከፍላለች። ብረት የሚያቀልጥ ሰው የሚፈራበትና የሚናቅበት አገር ብረት አቅላጭ ከሩቅ አገር ቢያስመጣ፣ እንግዳው ሲሄድ ሙያውን የሚቀበለው ባለክብር እጅ ከየት ያገኛል? ልጅ የሚከበርበትን ሥራ ይመርጣል። ዐቅም ያለው ሁሉ ልጁን ወደ ውትድርና ወይም ወደ ቤተ ክህነት ሲልክ፣ ቀጥቃጭነት በግድ የሚወረስ ዕጣ ሆኖ ቀረ።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሥራው መስደብን ከለከሉ። አዋጁ በዚያ ዘመን መውጣቱ የንጉሡን ማስተዋል ያሳያል፤ እንዲህ ያለ አዋጅ ማስፈለጉም የችግሩን ጥልቀት ይመሰክራል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ እንኳ ጋብቻ ሲታሰብ የሙያ ዘር የሚቆጥር ቤተሰብ አልጠፋም።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው «እንግዲያው ገበሬው የሚለውን ትተን ባለሙያ የሚለውን እንስማ» ሊል ይችላል። እንዲህም አይደለም። የገበሬው ፍርድ የተማረውን ሰው ያሸነፈባቸው ጊዜያት ጥቂት አይደሉም። ቅርቡ ምሳሌ እርሻው ራሱ ነው።

ባለፉት ብዙ ዐሥርት ዓመታት ማረሻን «ኋላ ቀር» ያላለ የእርሻ ባለሙያ ጥቂት ነው። መሬት ይጭራል እንጂ አይገለብጥም፤ ስለዚህ ደጋግሞ ማረስ ይጠይቃል፤ ይህ እውነት ነው። ከውጭ የመጡ ገልባጭ የብረት ማረሻዎች ለገበሬው እንዲዳረሱ ተሞክሯል። ገበሬው ግን አልወደዳቸውም። ከደብረ ታቦር ወደ ጉና ተራራ አቅጣጫ ያለውን የፋርጣን ተዳፋት ያየ ሰው ምክንያቱን ሳይነገረው ይረዳዋል። መሬቱ ድንጋያማና ዘቅዛቃ ነው፤ በሬው ሥጋው የሳሳ ነው። ሞፈር፣ ቀንበር፣ እርፍና ድግር ከአካባቢው እንጨት ይጠረባሉ፤ ወገሉንና ማረሻውን የሰፈሩ ቀጥቃጭ ይሠራል፤ ማነቆው ቢሰበር እዚያው እርሻው ዳር ይተካል፤ ማታ ገበሬው ሁሉንም በትከሻው ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። የውጪው ማረሻ ከባድ ነው፤ በሬውን ያደክማል፤ አንድ ብሎን የጠፋ ቀን ሥራ ይቆማል። ሰኔ ላይ አንድ ሳምንት የቆመ እርሻ ደግሞ የዓመት ረሀብ ማለት ነው። እንቢ ያለው ገበሬ ስሌቱን ጨርሶ ነው እንቢ ያለው።

ይህን የተረዱ ባለሙያዎችም ተነሥተዋል። ዶክተር መለሰ ተመስገን የተባሉ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ውኃ የሚተኛበትን ጥቁር መሬት የሚያጠነፍፍ «አይባር» የሚባል መሣሪያ የሠሩት የማረሻን አካል መነሻ አድርገው ነው። ቀደም ሲል ለዚሁ ሥራ ሁለት ማረሻ አጣምሮ የተሠራው መሣሪያ ለሰውም ለበሬም ከብዶ ነበር። አዲሱ ቀለል ብሎ መጣ። ገበሬው የሚያውቀውን ዕቃ ማክበር የሳይንስ ሽንፈት ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ጥሩ መሐንዲስ ከዚያ ነው የሚጀምረው።

ከደጋው ወደ ወረታ ሲወርዱ ሌላ ታሪክ ይገኛል። የፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች በክረምት ከአፋቸው እየወጡ የሚተኙበት ምድር ነው። ጤፍ በውኃ ይሰምጣል፤ ገበሬው ክረምቱን ውኃውን እያየ ያሳልፈው ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ ሲሞክሩ ጥርጣሬው ቀላል አልነበረም። ሩዝ የእኛ ምግብ አይደለም፤ እንጀራ አይሆንም፤ ማን ይገዛዋል? ባለሙያዎቹ ሄዱ፤ የኅብረት ሥራ ማኅበራቱም ከሥርዓቱ ጋር ፈረሱ። ጋፋት ላይ እንደሆነው ነገሩ እዚህም ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። የአካባቢው ሰው ዘሩን ይዞ ቀረ፤ ዝርያውም እስከ ዛሬ «ኤክስ ጅግና» ተብሎ በቀበሌዋ ስም ይጠራል። ዛሬ ፎገራ በአገሪቱ ስሙ የገነነ የሩዝ ምድር ነው፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ተቋቁሟል።

ሩዙ ለምን ቆየ? መሬቱን ከጤፍ አልቀማም፤ ጤፍ ትቶት የሄደውን ውኃ የተኛበት መሬት ያዘ። በዚያው በሬ፣ በዚያው ማረሻ ታረሰ። ሴቶቹ ዱቄቱን ከጤፍ ጋር ደባልቀው እንጀራ አደረጉት፤ ይህ ውሳኔ በየትኛውም የምርምር ጣቢያ ከተወሰነው ሁሉ የሚበልጥ ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም። ገለባው ለከብት ሆነ። ወረታ ላይ ነጋዴው መፈልፈያ ወፍጮ ተከለ፤ ወፍጮውን የሚጠግን ሰውም በዚያው ተፈጠረ። ዕውቀቱ በብዙ ሺህ ቤት ውስጥ ተበትኖ ስለተቀመጠ አንድ አለቃ ወይም አንድ ቡድን ሲሄድ አብሮ አልሄደም።

በባሕር ዛፍ ላይ ያለው ክርክር ገና አልተቋጨም፤ በቅርብም የሚቋጭ አይመስልም። በ1880ዎቹ ለአዲስ አበባ የማገዶ ችግር መፍትሔ ተብሎ የገባው ዛፍ ብዙም ሳይቆይ ውኃ ይጠጣል ተብሎ ተከሰሰ፤ በ1905 ዓ.ም. ገደማ አብዛኛው እንዲነቀል ታውጆ ነበር፤ አልተነቀለም። ዛሬ በደቡብ ጎንደር ደጋ ከእህል ማሳ ጎን ለጎን የባሕር ዛፍ ደን ይታያል። ለወጣት መሬት አልባ ልጅ የቤት ቋሚ፣ ለአባቱ የማዳበሪያ ዕዳ መክፈያ፣ ለእናት ማገዶ ነው። ለጎረቤት ግን ጥላና ሥር ነው፤ የድንበር ጠብ ያመጣል፤ ቦይ እየቆፈሩ ሥሩን ለመገደብ የሚሞክሩም አሉ። «ይጠቅማል» የሚለውም «ይጎዳል» የሚለውም እውነት የሚናገሩት ለዚህ ነው። ጥያቄው የት ይተከል ነው፤ ምንጭ አጠገብ አይተከል፣ ለም ማሳ ላይ አይተከል፣ ገደላገደሉና የተራቆተው ኮረብታ ግን ይልበሰው። ይህን ለመወሰን ደግሞ ሰፈሩ ተሰብስቦ መነጋገር አለበት።

ሌላው ትልቅ ክርክር ጣና ዳር ነው። እምቦጭ በሐይቁ ላይ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመነጨው ይህ አረም በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፋ፤ ከደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም፣ ፎገራና ደራ ተጎዱ። ዓሣ አጥማጁ ታንኳውን መቅዘፍ አቃተው፤ ከብቱ ውኃ ለመጠጣት መድረሻ አጣ። ያኔ አገሩ ሁሉ ተነሣ። ገበሬው ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ አልቅት እየነከሰው በእጁ ነቀለ። ተማሪው በዘመቻ መጣ። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ገንዘብ አዋጥተው ማጨጃ ማሽን ላኩ፤ በአገር ውስጥም ማሽን ተሠራ። ክርክሩም ተነሣ፦ እጅ ወይስ ማሽን?

ማሽኑ ሲመጣ ደስታው ትልቅ ነበር፤ ይህን ደስታ ማቃለል ተገቢ አይደለም፤ ሰዎች ለሐይቃቸው ከልብ አዝነው ያደረጉት ነው። ነገር ግን ማሽን ጥልቅ ውኃ ይፈልጋል፤ አረሙ ግን ጭቃማውንና ጥልቀት የሌለውን ዳርቻ ይወዳል። ማሽን ነዳጅ፣ መለዋወጫ፣ የሠለጠነ ነጂ፣ የታጨደውን የሚያነሣ ተሽከርካሪ ይፈልጋል። የታጨደው ዳር ላይ ተከምሮ ከቀረ ጎርፍ መልሶ ይወስደዋል። አረሙ ደግሞ ከግንዱ እየፈላም ከዘሩም ይራባል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ የአንድ ወር ዘመቻም የአንድ ዓመት ማሽንም ብቻውን አይጨርሰውም። የቪክቶሪያ ሐይቅ አገሮች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከእጅና ከማሽን ሌላ አረሙን የሚበላ ጢንዚዛ አራብተው ለቀው ነበር። ጣና ላይም ስለዚሁ ብዙ ተብሏል። አረም ለማጥፋት ነፍሳት መልቀቅ ያስፈራል፤ ፍርሃቱም ተገቢ ነው፤ የሚመልሰው ግን ሙከራና ጥንቃቄ ነው እንጂ ጩኸት አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ አረሙን የሚቀልበው ከደጋው የሚወርደው ነው። ጉና ላይ የተራቆተው አፈር በርብና በጉማራ ተጭኖ ሐይቁ ይገባል፤ ከማሳ የታጠበው ማዳበሪያም አብሮ። ጣና ዳር ያለው ማሽን ፋርጣ ላይ እርከን ካልተሠራ ሥራው አያልቅም። የደጋው ገበሬና የሐይቁ ዓሣ አጥማጅ በአንድ ስብሰባ ላይ ተቀምጠው የማያውቁ ከሆነ ችግሩን ማሽን የሚሸጥ ነጋዴ አይፈታውም።

ወደ ጋፋት ጉዳይ የሚመልሰን መንደር ፎገራ ውስጥ አለ። አውራ አምባ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩና በጓደኞቻቸው የተመሠረተ ማኅበረሰብ ነው። ዙምራ ገና ልጅ ሳሉ አባትና እናት እኩል ደክመው ከእርሻ ሲገቡ እናት ብቻ ለምን ትፈጫለች፣ ለምን ትጋግራለች፣ ለምን የሁሉንም እግር ታጥባለች ብለው ይጠይቁ እንደነበር ይናገራሉ። ጥያቄው የሕፃን ነው፤ መልስ የሚሰጥ አዋቂ ግን አልነበረም፤ ጠያቂው እንደ በሽተኛ ተቆጠሩ። ጎረቤት አልወደዳቸውም፤ በደርግ ዘመን መጨረሻ ማኅበረሰቡ ወደ ደቡብ ለመሰደድ ተገድዶ ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ተመልሷል። በእምነት ጉዳይ ከእነሱ ጋር የማይስማማ ሰው ብዙ ነው፤ አለመስማማት የሁሉም መብት ነው። አንድ ነገር ግን ማንም ሄዶ ሊያየው ይችላል።

አውራ አምባ ውስጥ ሴት ሸማ ትሠራለች፣ ወንድ ጥጥ ይፈትላል። በደጋው ልማድ ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ነበር፤ ሽመናም በብዙ ቦታ ዝቅ ተደርጎ ይታይ ነበር። እዚህ የመንደሩ መተዳደሪያ ሆነ። ከጭቃ የሠሩት የእንጀራ ምድጃም እሳቱ የተሸፈነ፣ ጭሱ በመውጫ ወደ ውጭ የሚሄድ ነው። የሚጋግር ሰው ዐይን አይቃጠልም፤ ማገዶም ይቆጥባል። ጭቃው የፎገራ ጭቃ ነው፤ ብሎን የለውም፤ ሲሰነጠቅ ያው ባለቤቱ ይለስነዋል። ወንዱ ምድጃው ፊት መቆም ሲጀምር ጭሱ የሁሉም ችግር ሆነ፤ የሁሉም ችግር ሲሆን መፍትሔ ተገኘ። በሌላው ቤት ለዘመናት ጭስ የታገሠችው እናት ብቻዋን ስለነበረች ጭሱን ቴክኖሎጂ ሊፈታው የሚገባ ጉዳይ አድርጎ ያሰበ ጥቂት ነበር።

ስለ ስልክም እንዲሁ ይጠየቅ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው ገንዘቡን በስልክ ያንቀሳቅሳል፤ አዲስ አበባ ያለ ልጅ ጋይንት ላሉ እናቱ ማዳበሪያ የሚገዙበትን በደቂቃ ይልካል። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ደግሞ ስንት የዕለት ሥራ በዚያ ክር ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር ሁሉም አየ። ስልኩ የሚያመጣው ወሬም ሁለት ዓይነት ነው፤ ሐሰተኛውን የሚመረምር ሰው በየቤቱ ካልኖረ ጥሩ ስልክ ብቻውን ጥሩ ወሬ አያመጣም። አረጋውያኑ «ከየት ሰማኸው? ማን ነገረህ?» ብለው የሚጠይቁት ጥያቄ እዚህ ላይ ከማንኛውም አፕሊኬሽን ይበልጣል። ወጣቱ ያንን ጥያቄ ከአያቱ ቢወርስ፣ አያቱም ስልኩን መያዝ ከልጅ ልጃቸው ቢማሩ ማንም አይጎዳም።

የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋሙን በጋፋት ስም ሰይሟል። ስሙ ይገባዋል። እንግዲህ ለተቋሙም፣ ለከተማዋ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችም አንድ ጥያቄ ይቀርባል፦ ከፋርጣና ከሊቦ ከምከም መንደሮች ማረሻ የሚቀጠቅጡትን፣ ሸክላ የሚሠሩትን፣ ወፍጮ የሚጠግኑትን ሰዎች ጋብዙ። ጎብኚ ወይም የዐውደ ርእይ ማሳያ አድርጋችሁ ሳይሆን በመምህርነት ጋብዟቸው፤ ከደመወዝ ጋር፣ ተማሪ ፊት ወንበር ሰጥታችሁ። መሐንዲሱ ተማሪ አንድ ወር ከቀጥቃጭ ጋር ወናፍ ይንፋ፤ ቀጥቃጩም የተማሪውን የብየዳ ማሽን ይያዝ። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ እጁ ዘይት ነክቶት፣ ጥፍሩ ጠቁሮ ቤት ሲገባ ለጎረቤት በኩራት አሳዩት፤ ያቺን ሴት ልጅ ደግሞ ከወንድሟ በፊት ወደ ወርክሾፑ ላኳት።